ጫፉ ላይ የቆመችው

መሪያችን ነገሩን የተናገረው ሾርባውን ፉት እያለ ነው።

«አንቺ ነገ ድንኳን ትጠብቂያለሽ። ሴት ወጣችበት ከተባለ ተራራነቱን ማን ያምናል?»

ደሜ ፈላ። ካርታ ላይ እንኳ ስም የሌለውን፣ የሰው እግር ረግጦት የማያውቀውን ያን ተራራ፣ በረዶውን እየፈለጥኩ እስከ መጨረሻው ድንኳን መንገድ ያወጣሁለት እኔ ነኝ!

ፎቶ አንሺያችንን አየሁት። በአንድ ገመድ የምንታሰር፣ አንድ ቀን በረዶው ከድቶት ሲንሸራተት ጎትቼ ያተረፍኩት፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከኔ ላይ መንቀል ያቃተው ሰው ነው። አቀርቅሮ የካሜራውን መስታወት ይወለውላል።

በማግስቱ ሁለቱ ወጥተው ተመለሱ። መሪው የምሥራቹን ለማድረስ፣ ከታች ወደሚጠብቁን ተሸካሚዎች ወዲያው ወረደ። ፎቶ አንሺው ግን ወደኔ መጣ። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል።

«ጫፉን አልረገጥኩትም» አለኝ በለሆሳስ። «ካንቺ በፊት ልረግጠው ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ካሜራው ተበላሸ ብዬው ከበታች ቀረሁ።»

አንጀቴ ቅቤ የሚጠጣ መስሎት ነበር።

«ማን ለመነህ?» ጮህኩበት። «ትናንት እሱ ፊት ምን ዘጋህ? እንድትቀርልኝ ነው የፈለግኩት ወይስ እንድትናገርልኝ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሳዘነኝ፤ ማሳዘኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ነገ ገመድህን ታስራለህ» አልኩት።

ሲነጋ ወጣን። ጫፉ ላይ ፎቶ አነሳኝ፤ ፊቴ በሻርፕና በጥቁር መነጽር ተሸፍኗል። ከዚያ እጄን ያዘኝ። ወድጄዋለሁ፤ ግን ይቅር አላልኩትም።

ከተማ ስንገባ ፎቶዎቹን ለላከን ማኅበር አስረከበ። በሳምንቱ ያቺ ፎቶዬ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣች። ከሥሯ «ተራራውን የደፈረው ጀግና» ይልና የመሪያችን ስም ተጽፏል!

ገና አፌን ሳልከፍት፣ ያ አንገት ደፊ ሰው ጋዜጣውን ጨምድዶ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ገሰገሰ። ሮጬ ደረስኩበት። የአዘጋጁን ጠረጴዛ በቡጢ ይደበድባል።

«ይህቺ እሷ ናት! ያነሳኋት እኔ ነኝ! ሚስቴ ናት!»

ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ዞሩ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አልኩት።

«አሁን!» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ።

«መጀመሪያ ስሙ ይታረም» አልኩና ወንበር ስቤ አዘጋጁ ፊት ተቀመጥኩ። እሱም ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ማረሚያው በማግስቱ በመጨረሻው ገጽ፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ወጣ። አሁንም ያንገበግበኛል። ቢሆንም፣ ጋዜጣውን ገዝተን በገለጥንበት መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እሺ» አልኩት።