በሂደት ላይ ያለው መጸዳጃ ቤት

«የተከበሩ የምክር ቤቱ አባል ያነሱት ጥያቄ በጣም ጥሩና ወቅታዊ ጥያቄ ነው» አለ ኬብሮን፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ነስሪን እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ጥያቄዋ «ጥሩና ወቅታዊ» ከተባለ መልስ እንደማታገኝ ካወቀች ቆይታለች።

ጌጃ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታቸው አርብ ከሰዓት የተማሪዎች ፓርላማ ይሰበሰባል። ከየክፍሉ የተመረጡት አባላት አግዳሚ ላይ፣ ሚኒስትሮቹ ደግሞ ፊት ለፊት፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ኬብሮን የነስሪን የሰፈር ልጅ ነው። አንደኛ ክፍል እያሉ ጀምሮ አብረው ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ከዚህ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ግን የጤናና ጽዳት ሚኒስትር ሆኗል፤ ደረቱ ላይም ባጅ አለው። ነስሪን ባጅ የላትም። ያላት አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱንም በየስብሰባው ታነሳዋለች።

«የሴቶች ሽንት ቤት መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች ደግማ።

«መጸዳጃ ቤት ይባል» አለና አፈ ጉባኤው በሱፍቃድ መዶሻውን መታ። መዶሻውን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው አናጺ አጎቱ ነው የሠራለት። አጎትየው ለፓርላማ መሆኑን አልሰማም መሰለኝ፣ የድንኳን ካስማ የሚቸነክር አድርጎ ሠርቶታል። በሱፍቃድ በመታ ቁጥር የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ይበረግጋል።

«አመሰግናለሁ፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ቀጠለ ኬብሮን። «ሚኒስቴር መሥሪያ ቤታችን የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ በልዩ ትኩረት እያየው ነው። በአጭር፣ በመካከለኛና በረጅም ጊዜ ዕቅድ ተይዟል።»

«በረጅም ጊዜ?» አለች ሰሚራ ከኋላ። «እኛ እስከዚያ እንዴት እንያዘው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሱፍቃድ መዶሻውን እየደጋገመ መታ።

ኬብሮን ይህን አነጋገር ያመጣው ከቤቱ ነው። አባቱ አቶ ሀብቶም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ናቸው። ሳሎን አምፖል ሲቃጠል እንኳ «ጉዳዩን በቅርበት እየተከታተልነው ነው» ይላሉ ይባላል።

ለሴቶቹ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ሽንት ቤቱ «ለጥገና» ተብሎ ከተዘጋ ወዲህ በእረፍት ሰዓት መንገድ ተሻግረው ካፌ ገብተው ይለምናሉ። የካፌው ባለቤት ደግሞ «መጀመሪያ ሻይ ጠጡ» ማለት ጀምሯል፤ ሻዩ ሲጠጣ ነገሩ ይብሳል። ነስሪን ጠዋት ጠዋት ውሃ መጠጣት ትታለች። ጎበዟ ሰሚራ የሒሳብ ፈተናዋን ግማሹን ሳትነካ አስረክባ ሮጣ ወጥታለች። ያገኘችውን ውጤት እናቷ እስከ ዛሬ አላመኑም።

ስብሰባው ሲያልቅ የዜግነት ትምህርት መምህራቸው ቲቸር ወልደገብርኤል በሩ ላይ ጠበቋት።

«ነስሪን፣ ስንት ጊዜ ጠየቅሽ?»

«ቲቸር፣ እኔ እንጃ። ስጠይቅ ነው የከረምኩት።»

«በቃል የተጠየቀ በቃል ይበተናል። በትልቁ ፓርላማ እንኳ ሚኒስትር ንግግር አሳምሮ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጽሑፍ ሲጠየቅ ግን በጽሑፍ መመለስ አለበት፤ ስሙን ጽፎ ይፈርምበታል። በኋላ ‹አላልኩም› ቢል ወረቀቱ አለ። የእናንተ ደንብ ውስጥም አለ እኮ፤ መልሱ በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ይላል። አንብቦት የሚያውቅ ስለሌለ ነው።»

ነስሪን እዚያው ቆማ ጻፈች፦ «ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ምን እየተሠራ ነው?»

መልሱ በሳምንቱ ተለጠፈ። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ንጽሕና የሥልጣኔ ምልክት ስለመሆኑ ይጀምርና ስለ እጅ መታጠብ ጥቅም በሰፊው ያትታል። ወደ መጨረሻው «ጥገናው በሂደት ላይ ይገኛል» ይላል። ከሥሩ የኬብሮን ፊርማ አለ፤ አጠገቡ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለ ክብ ማኅተምም አለ።

«ማኅተሙን ራሱ ነው የሣለው?» አለች ሰሚራ።

«በኮምፓስ ነው» አለች ነስሪን። ኮምፓሱ የእሷ ነበር፤ ለጂኦሜትሪ ብሎ ነው የተዋሳት።

ወረቀቱን ይዛ ቲቸር ወልደገብርኤል ጋ ሄደች። አነበቡና ፈገግ አሉ። «የጠየቅሽው ብዙ በር ያለው ቤት ነው። ‹ምን እየተሠራ ነው› ስትይው በሚቀርበው በር ወጣ። ጥያቄ አንድ በር ይኑረው።»

«ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«መጀመሪያ ሄደሽ እይ። ያላየሽውን ነገር ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?»

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ነስሪንና ሰሚራ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ዞሩ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። ነስሪን ጫማዋን አውልቃ ሰሚራ ትከሻ ላይ ወጣች።

«ምን ይታያል?» አለች ሰሚራ እየተንገዳገደች።

ነስሪን አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጠፈች።

«አንቺ! ትከሻዬ ሊገነጠል ነው፤ ምን ይታያል?»

«አልቋል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ ነው። መስታወት አለው። ቧንቧው ከነፕላስቲኩ ነው፣ ሰው አልነካውም።» ነስሪን አንገቷን አሰገገች። «በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ መቀስ አለ። አቧራ ጠጥቷል።»

ሰሚራ ከድንጋጤዋ የተነሳ ቀጥ ብላ ቆመች። ነስሪን ግን ወደቀች።

ከሰዓት በኋላ ኬብሮንን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይዛው በሰፈራቸው ቅያስ አብረው ገቡ። ጉልበቷ ተልጧል፤ ግን ስለ እሱ አልነበረም ልትነግረው የፈለገችው።

«መቼ ነው ያለቀው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ኬቡ፣ አትቀልድ። በመስኮት አይቻለሁ።»

ኬብሮን ግራ ቀኙን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጥምቀት በፊት። ግን ሳይመረቅ አይከፈትም። የሚመርቅ ትልቅ እንግዳ አለ፤ ይመጣል ይባላል፣ ይቀራል። ቲቸር ኣክበረት ‹በሂደት ላይ ነው በል› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ምክትል ርዕሰ መምህርት ናቸው።»

«ታዲያ ዋሸህ።»

«ውሸት አይደለም እኮ! ምረቃም ሂደት ነው።»

ነስሪን ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ኬብሮን ፊቱ ቀላ። ሲዋሽ ሁልጊዜ ይቀላል፤ ለዚህ ነው ካርታ ሲጫወቱ የሚሸነፈው።

«በቃ፣ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳትጽፊ» አለ። «አባዬ ባጁን አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎታል። አሁን ‹ሚኒስትሩ ዋሸ› ተብሎ ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሙድ ይይዝብኛል። ጀለስሽ አይደለሁም? እግርሽ ተሰብሮ ጄሶ የተደረገልሽ ጊዜ ቦርሳሽን ማን ነበር የተሸከመው?»

«አንተ ነህ።»

«ታዲያ?»

ነስሪን «ታዲያ»ውን ይዛ ወደ አባቷ መጋረጃ ሱቅ ሄደች። አባቷ አቶ ጀይላን ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ይዘረጋሉ። እሷ ከጥቅልሎቹ ኋላ ተቀምጣ ወረቀት አወጣች። መጀመሪያ «ሚኒስትሩ ለምን ዋሹ?» ብላ ጻፈች። አየችው። ያረካል፤ ግን ኬብሮንን ያሳፍራል እንጂ በሩን አይከፍትም። ሰረዘችው። ቀጥላ «ጥገናው ይፋጠንልን» ብላ ጻፈች። ይሄ ኬብሮንን አይነካም፤ ሰሚራ ግን በማጠቃለያ ፈተናም እንደዚያው ትሮጣለች። እሱንም ሰረዘችው።

«ምንድነው እንዲህ የሚያደክምሽ? የቤት ሥራ ነው?» አሉ አባቷ፣ ደንበኛዋ ስትወጣ።

«አባ፣ ጓደኛህን የሚያሳፍረው ነገር እውነት ቢሆን ትናገረዋለህ?»

አቶ ጀይላን ጨርቁን እያጠፉ አሰቡ። «ለራሱ ነው የምትነግሪው ወይስ ለሰው?»

«ለሰው።»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብሆን መጀመሪያ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው እኔንም ይከብደኛል።»

ነስሪን ሁለት አጭር ጥያቄ ጻፈች። ሳይመሽ ኬብሮን ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ኬብሮን በነጠላ ጫማ ወጣ።

«ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችው። «ቀድመህ እንድታየው ነው።»

አነበበው። «የመጸዳጃ ቤቱ ጥገና ያለቀው መቼ ነው? እንዳይከፈት ያዘዘው ማን ነው?»

«በቃ፣ ጓደኝነታችን እዚህ ድረስ ነው ማለት ነው?»

«ጓደኛዬ ስለሆንክ ነው ዛሬ ያመጣሁልህ። ሌላ ሚኒስትር ቢሆን ነገ ከአፈ ጉባኤው ነበር የሚቀበለው።»

ኬብሮን በሩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር መሄድ አቁሞ በመንገዱ ማዶ መሄድ ጀመረ። ቅያሱ ግን ጠባብ ስለሆነ ማዶ የሚባለው ክንዷን ብትዘረጋ የሚነካ ነበር። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ትከሻቸው ሊጋጭ ምንም ሳይቀረው፣ ሳይነጋገሩ ይሄዱ ነበር። ከኋላቸው የምትመጣው ሰሚራ «እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት!» ብላ ትስቃለች። ነስሪን ግን ሳቋ አልመጣላትም። ማታ ማታ ስልኳን እያነሳች መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የመልሱ ቀን ሰሌዳው ጋ ተማሪው ተጋፋ። ነስሪን በሰው ብብት ሥር ሾልካ ገባች። በዚህ ጊዜ ማኅተም የለም፤ ወረቀቱም ከደብተር የተገነጠለ ነው።

«ጥገናው ያለቀው ከጥምቀት በፊት ነው። እንዳይከፈት ያዘዙት ምክትል ርዕሰ መምህርት ኣክበረት ናቸው፤ ምክንያቱ ስላልተመረቀ ነው። ባለፈው የሰጠሁት መልስ ትክክል አልነበረም። ኬብሮን ሀብቶም።»

«አቦ፣ ልጁ ወንድ ነው!» አለ አንዱ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ቲቸር ኣክበረት መጡ።

ተማሪው መንገድ ለቀቀላቸው። ቲቸር ኣክበረት መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ። አንድ ጊዜ አልበቃቸውም መሰለ፣ ደገሙት። እጃቸው ወደ ወረቀቱ ሲዘረጋ ቲቸር ወልደገብርኤል ከዳር ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸው ተመለሰ።

«ጃርሶ!» ብለው ጥበቃውን ጠሩ። «የዚያን ቤት ቁልፍ አምጣ።»

ጋሽ ጃርሶ ቁልፉን ይዘው ሲሄዱ ግማሹ ትምህርት ቤት ተከተላቸው። በሩ ሲከፈት ቀዩ ሪባን እንደተወጠረ ነበር። ቲቸር ኣክበረት አመነቱ። «ቆዩ እስቲ፣ ቢያንስ ርዕሰ መምህሩ እስኪመጡ…» ብለው ሳይጨርሱ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ ሆዷን ይዛ፣ በእግራቸው መሃል ሾልካ ሮጠች። ሪባኑ ደረቷ ላይ ተጠምጥሞ ተበጠሰ፤ እሱኑ እየጎተተች አንዱ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ጥቂት ቆይቶ የውሃ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ሰኞ ቲቸር ኣክበረት ነስሪንን ቢሮ አስጠሯት። ነስሪን ቁጣ ጠብቃ ነበር የገባችው። እሳቸው ግን ወንበር ሰጧት።

«ለዚያ ጥገና ስንት ደጅ እንደጠናሁ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ሲያልቅ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ያምራል፣ ቲቸር። የእውነት። ሁሉም ሰው እያደነቀው ነው።»

ፊታቸው ፈታ አለ። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ባጅ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ኬብሮን ራሱ አምጥቶ መልሶታል። እኔ ደግሞ አንቺን አሰብኩ። ጎበዝ ነሽ፤ ያየሽውን አትለቂም። የጤናና ጽዳት ሚኒስትር ሁኚ።»

ነስሪን ባጁን አነሳችው። ከሩቅ ሲታይ ከሚመስለው ይከብዳል። እናቷ ዙሃራ ይህን ቢያዩ ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራሉ። ባጅ ያለውን ጥበቃ በር ላይ አያስቆመውም። ወንበሩም መደገፊያ አለው።

«ቲቸር፣ ሚኒስትር ከሆንኩ የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ እችላለሁ?»

«ሚኒስትርማ መላሽ ነው፤ አባላቱ ናቸው የሚጠይቁት» አሉ ቲቸር ኣክበረት። ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰላት። «ታርፊያለሽ።»

ነስሪን ባጁን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«አመሰግናለሁ ቲቸር። ለሰሚራ ቢሰጧትስ? እሷ መልስ አታጣም።»

አርብ ነስሪን ስትደርስ አዳራሹ ሞልቷል። ኬብሮን ክራቫት አላደረገም። ከኋላ በኩል፣ የአባላቱ አግዳሚ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ወለሉን ያያል። ከፊት ረድፍ ላይ ለነስሪን ባዶ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ ሁሉም ነገር በደንብ ይሰማል። ነስሪን ቦታውን አልፋ ኬብሮን ጋ ሄደች።

«ተጠጋ» አለችው።

ኬብሮን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተጠጋላት።