የካይሮው ዶክተር

«ፓፒረሱን ማንበብ የሚችሉ ምሁራን አነበቡት» አለ ደሳለኝ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «የአብርሃምን ታሪክ አላገኙበትም። ያገኙት ለሞተ ሰው የተጻፈ የቀብር ጸሎት ነው። አበቃሁ።»

ኒሙ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ተማሪዎች አጨበጨቡ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ክፍሉን ምድጃ ስለሚያደርገው የክርክር ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበው ውጭ ነው። የዕለቱን ርዕስ ቲቸር ብዙነሽ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የሞርሞኖች ሃይማኖት መሥራች አሜሪካ ውስጥ ከግብፅ የመጣ የፓፒረስ ጥቅልል አገኘና «አብርሃም የጻፈው ነው» ብሎ ተረጎምኩት ያለውን ቅዱስ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ እውነት ከዚያ ጥቅልል የመጣ ነው ወይስ አይደለም? ሸዋ ሮቢት ላይ ሞርሞን ፈልጎ ማግኘት ጉም ከመፈለግ አይተናነስም። ቲቸርም «ለዚህ ነው የመረጥኩት፤ የሚቀየም ጎረቤት የለም» ብለዋል።

«ነው» የሚለው ወገን ለአሪፋና ለሱፍዋን ደረሳቸው። ያሸነፈ ደብረ ሲና ወጥቶ ይወዳደራል። ሱፍዋን እንደሆነ ገና ሳይከራከር ከአጎቱ ካፖርት ተውሶ ጨርሷል።

አሪፋ ልትነሳ ስትል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ከጥቅልሉ የጠፋ ክፍል አለ በያቸው።»

«እሱንማ አንዳንድ አማኞችም ይላሉ። ማስረጃ የለንም እንጂ።»

«ታዲያ ፍጠሪያ። ካይሮ ያለ ዶክተር አገኘው በይ። ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ የለ፤ ማን ያጣራል?»

አሪፋ የራሷን ነጥብ አዘጋጅታ ነበር፤ ሌሎቹ አማኞች «ጥቅልሉ ለመሥራቹ ራእይ መነሻ ሆነ እንጂ ቃል በቃል አልተተረጎመም» ይላሉ። ደህና ነጥብ ነበር። ግን ለደሳለኝ የተጨበጨበው ገና ጆሮዋ ውስጥ ስለነበር አፏ ቀደማት።

«የጠፋው ክፍል ተገኝቷል» አለች። «ያገኘው ካይሮ የሚያስተምር ዶክተር ኸይረዲን የሚባል ሰው ነው። የአብርሃም ስም አለበት።»

እዚህ አገር ደግሞ የሰው ስም ተጠርቶ ዝም አይባልም። «የማን ልጅ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የኸድር» አለች አሪፋ፣ ምላሷ ላይ የመጣላትን።

«መሠረቱ አሊዩ አምባ ነው» ብሎ ጨመረላት ሱፍዋን፤ ለጋስ ልጅ ነው።

ጭብጨባው የኒሙን ወፎች አስነሳ። ደሳለኝ መጥቶ ጨበጣት። «ይሄን አላነበብኩትም ነበር። በሚገባ ረታችሁኝ» አለ፣ ከልቡ። ቲቸር ብዙነሽ ቅንድባቸውን ሰቀል ቢያደርጉም ለደብረ ሲና የሚሄዱትን ስም ለመጻፍ እስክሪቢቶ አወጡ።

ያኔ ከበሩ በኩል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ሙሳ ዱላቸውን ጥለው መጡ። ኸይረዲንና ኸድር በይፋት እንደ ማሾ የሚዘራ ስም መሆኑን አሪፋ ያስታወሰችው ፊታቸውን ስታይ ነው።

«የአሊዩ አምባው ኸይረዲን ኸድር?» አሉ። «የእህቴ ልጅ እኮ ነው። በሱዳን በኩል ግብፅ ገባ ከተባለ ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። ዶክተር ሆነ? አልሃምዱሊላህ።» እየሳቁ ባለቁልፏን ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ቆይ እናቱ ትስማ። በሕይወት አለ ብትባል ዛሬ ምን ታደርግ ይሆን። ቁጥሩን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

ሱፍዋን የአሪፋን ክንድ ጎነጠ። «ነቄ በይ እንጂ። መጀመሪያ ስማችን ይጻፍ፤ ለጋሼ ሙሳ ሰኞ እናስረዳቸዋለን» አለ በሹክሹክታ።

ጋሼ ሙሳ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው የእህታቸውን ቁጥር አንድ በአንድ ይጫናሉ። አሪፋ እጇን ቀስ አድርጋ ስልኩ ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ ሙሳ፣ አይደውሉላቸው» አለች፣ ቲቸርም ደሳለኝም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያንን ዶክተር የወለድነው እኛ ነን። አሁን፣ እዚሁ ዛፍ ሥር።»