ሦስተኛ አጀንዳ፦ የልብስ ሰፊዋ ጉዳይ

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ በገመድ ስታስር፣ አናጢው በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ወዴት ነው?»

«ሳታባርሩኝ ልቅደማችሁ ብዬ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ትልቅ ከተማ ዘጠኝ ሆነው አንድ አሮጌ ቤት ይኖራሉ። አለቃ የለም፣ የኔ የሚባል ድስት የለም። በራሪ ወረቀት ያትማሉ፣ ሰልፍ ይወጣሉ። መጥረጊያ ለመግዛት እንኳ ተሰብስበው ሁሉም «እሺ» ማለት አለበት። ለመንግሥት አንታዘዝም ያሉ ሰዎች ለስብሰባ ሲታዘዙ ማየት ነው!

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ኩሽናው ሰሌዳ ላይ፣ በአናጢው እጅ፣ «ሦስተኛ አጀንዳ፦ የልብስ ሰፊዋ ጉዳይ» ተብሎ ተጽፎ አገኘች። ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነው። ደሟ ፈላ።

«አንቺን ማን ያባርራል?» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። «ካንቺ ጋር ወደ አገርሽ ልሂድ ብዬ ቤቱን ላስፈቅድ ነው።»

ገመዱ ከእጇ ወደቀ። ስድስት ወር በዓይኑ ሲከተላት ከርሞ ስለ ፍቅር አንዲት ቃል ያልተነፈሰ ሰው!

«እኔን ሳትጠይቅ፣ ቤቱን?»

«እዚህ ስለ ነፃነት እናወራለን እንጂ የጎረቤታችንን ስም አናውቅም» አለ መሬት መሬት እያየ። «እናንተ ጋ ጎርፍ የአንዷን ግድግዳ ቢያፈርስ፣ ሰፈሩ ያለ ስብሰባ በሁለት ቀን አቆመው አላልሽኝም?»

«የቀረውንም ልንገርህ። ግድግዳውን አቁመው ሲያበቁ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያሉ በሯን ሲጠብቁ ከረሙ። እኔ የሸሸሁት ጭቃውን ጠልቼ መሰለህ?»

«እዚህስ ደስ ብሎሻል?»

ወለሉ ላይ ተቀምጣ ገመዱን አነሳች። ከታች መንገዱ ላይ መኪናው ይጮሃል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«እዚያ ሳለሁ እዚህ፣ እዚህ ሳለሁ እዚያ ያምረኛል። እግሬን ምን እንደነካው እንጃ።»

አናጢው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ሽፋሽፍቱ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ፤ ልትጠርግለት እጇን አንስታ መለሰችው።

«እሺ፣ አንቺን ልጠይቅ። እወድሻለሁ። እናንተ አገር ብንኖር ደስ ይለኛል። እምቢ ካልሽም፣ አንቺ ባለሽበት ነኝ።»

አሁን እጇ ሳያስፈቅዳት ሄዶ ብናኙን ጠረገ።

«እናቴ ‹ሳትጋቡ እንዴት በአንድ ጣሪያ?› ብትልህስ?»

«ነፃ ሰዎች ነን፣ ለማንም ወረቀት አንፈርምም እላታለሁ።»

«እንግዲያው እሷ ቁራሽ እንጀራ አትሰጠንምና፣ ምሳችንን ከዚሁ ቋጥረን እንሂድ» አለችው።