የታናሽ እህት ክኒን

ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህርት አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ሞተዋል፤ ከንፈራቸው ቆስሎ ተሰነጣጥቋል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጥያቄ ለመጀመር አልቸኮለችም። አልጋው ሥር የታሸገ ሻንጣ አየች። ወጥ ቤት ገብታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቦ አገኘች። ቤቱ የሟቿ ሳይሆን የታላቅ እህታቸው ነው። ባላቸው ከሞተ ወዲህ፣ ታማሚዋ እህታቸው እስኪመጡ ድረስ፣ ከግድግዳ ጋር ነበር የሚያወሩት።

ለሟቿ ሐኪም ደወለች።

«የካንሰሩ መድኃኒት ጨካኝ ነው፤ ጤነኛውንም አካል አይምርም» አላት። «ጤነኛውን የሚታደግ ክኒን አስከትለን ሰጥተናቸዋል። እሱን በሰዓቱ ቢወስዱ ኖሮ እንዲህ ባልተጎዱ።»

የክኒኑ ብልቃጥ ግን ባዶ ነው።

«እኔ ነኝ ከሆስፒታሉ ያመጣሁት» አለ ታክሲ ነጂው የሟቿ ልጅ። «ሊሻላት ነው ብዬ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ልወስዳት ነበር። ስደውል አክስቴ ‹ተኝታለች› ይሉኛል።»

«እሽጉን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለች ቤት ድረስ እየመጣች ታያቸው የነበረችው ነርስ። «ትክክለኛው ክኒን ነው፤ የመጀመሪያውን ፊቴ ዋጡ። ትናንት ስመለስ ግን ጉሮሯቸው ውኃ እንኳ አያሳልፍም። ሆስፒታል እንውሰዳቸው ብል፣ ታላቅ እህታቸው ‹ነገ› አሉኝ።»

ታላቅ እህት ቀና አላሉም። «በእጄ ነው የሰጠኋት። እስከ ዛሬ ጠዋት በውኃ ስትውጥ ነበር።»

መርፌ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ልጁ ያመጣው እሽጉ ሳይነካ ነው። ነርሷ ትክክለኛነቱን አይታ ሄዳለች። ከዚያ በኋላ ብልቃጡ በአንድ ሰው እጅ ነበር። እትዬ፣ ውኃ የማያሳልፍ ጉሮሮ ዛሬ ጠዋት ክኒን አይውጥም። ብልቃጡ ባዶ የሆነው እህትዎ ስለዋጡት ሳይሆን እርስዎ ስለደፉት ነው።»

«አክስቴ?» አለ ልጁ።

«ለምን እንደሆነ ሻንጣው ነገረኝ» አለች መርፌ ዝግ ብላ። «ድነው ሊሄዱብዎ ነበር።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እንድትሞት አልነበረም፤ በእግዚአብሔር! ደከም ብላ ትንሽ እንድትሰነብትልኝ ነበር። ቁስሉ ሲበረታ ፈራሁ… ብናገር ይወስዷታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መርፌ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እዚያ የምትወስጂኝ ቦታ» አሉ በለሆሳስ፣ «ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»