የያቮር ስም በሰባት ራውተር ላይ

ሦስተኛውም ራውተር አላስገባ ሲላት ዞርኒጻ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ከኪቦርዱ ላይ ሰበሰበች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ምላደን ከጀርባዋ ቆሞ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ።

«አላስገባኝም።»

«የይለፍ ቃሉን ተሳስተሽ ይሆናላ።»

«አልተሳሳትኩም! ሦስቱም እምቢ አሉ እኮ።»

ምላደን ገፋ አድርጓት ተቀመጠ። አራተኛውን ሞከረ፤ አምስተኛውን ሞከረ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ማኘኩን አቆመ።

«ዞሪ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ተበላን።»

ሱቁ የጋሼ ጌንቾ ነው። ሎም ከተማ ውስጥ፣ ከዳኑብ ወደብ ከፍ ብለው ለቆሙት ሰባት የመኖሪያ ብሎኮች ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። በየብሎኩ ምድር ቤት አንድ አንድ ራውተር አለ። እስከዚህ ክረምት ድረስ እነዚህን ማሽኖች የሚያዛቸው የዞርኒጻ ወንድም ያቮር ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ ከቪዲን ሲመለስ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተችና ያቮር ወደ ቤት ሳይገባ ቀረ።

ዞርኒጻ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ያቮር አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና ስክሪፕት አጻጻፍ ትማር ነበር። ቋንቋው ቲሲኤል ይባላል። ሰባት ማሽን ላይ አንድ በአንድ እየገቡ ያንኑ ትእዛዝ ከመደጋገም፣ አንድ ጊዜ ጽፈው ለኮምፒውተሩ ይሰጡታል፤ እሱ በየተራ እየገባ ይጨርሰዋል።

«ማሽን ቃሉን አይለውጥም» ይላት ነበር ያቮር። «ዛሬ የጠየቀሽን ነገ በዚያው አፉ ይጠይቅሻል። ስለዚህ ‹እንዲህ ሲልህ እንዲህ በለው› ብለሽ ጽፈሽ ትሰጭዋለሽ፤ አንቺ ወጥተሽ ትጫወቻለሽ።»

በዚህ ሳምንት ጋሼ ጌንቾ የሱቁ ተለማማጅ የሆነውን የክፍል ጓደኛዋን ምላደንን ለብቻው ጠርተው፣ ወደ ማሽኖቹ የሚገባበት የያቮር ስም ከራውተሮቹ ላይ እንዲሰረዝ አዘዙት። የሞተ ሰው ስም የማሽን ቁልፍ ሆኖ መቅረት የለበትም፣ አሉ። ልጅቷ ግን እንዳትሰማ። ምላደን አፉን መቼ ይችላል? በማግስቱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነገራት።

ዞርኒጻ ክው ብላ ቀረች። የወንድሟ ስም የሆነ ቦታ አሁንም እየሠራ መሆኑን አስባው አታውቅም ነበር። ምድር ቤት፣ በጨለማ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ።

«እኔ አደርገዋለሁ» አለችው። «ሌላ ሰው አይነካውም።»

ተቀምጣ ስትሞክረው ግን አልሆነላትም። ራውተር ስም ከመሰረዙ በፊት ይጠይቃል፦ ይህ ስም ከነሙሉ መረጃው ይጠፋል፣ ልቀጥል? ሰባት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሰባት ጊዜ አዎ ማለት ያስፈልጋል። አንዱንም አልቻለችም። ስለዚህ ስክሪፕት ጻፈች። «ልቀጥል?» ሲልህ «አዎ» በለው። የሚሠራውን ስክሪኑ ላይ እንዳያሳያት አድርጋ አስነሳችውና እስኪጨርስ ደጅ ወጥታ መኪና ስትቆጥር ቆየች።

ተመልሳ ልታረጋግጥ ስትገባ ነው በሩ ሁሉ የተዘጋባት።

«ሌላ ስም አልነበረም» አለች አሁን። «የያቮር ብቻ ነበር። መግቢያውን ራሱን ነው የሰረዝኩት።»

«መጀመሪያ አዲስ ስም ይመዘገባል፣ በሱ ገብተሽ ትሞክሪያለሽ፣ ከዚያ ነው አሮጌው የሚሰረዘው። ይህን እኮ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ!»

«አውቃለሁ።»

«የመጀመሪያ ቀን! ‹ፋራ› እያልሽ ስትሰድቢኝ!»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ጌንቾ ኮፍያቸውን እያወለቁ ገቡ።

«የእማማ ጼጽካ መስመር ይንቀራፈፋል፤ ጠዋት ጀምረው ነፍሴን አወጧት» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። የያቮርን ስም ጻፉ፤ ራሳቸው ማሰረዛቸውን እንኳን ረስተውታል። አልገባ አላቸው። ደገሙት። አንገታቸው ከሥር ጀምሮ ቀላ።

«ምላደን! አሮጌውን አጥፋ አልኩህ እንጂ እኔን ከነቤቴ አጥፋ አልኩህ? አዲሱ ስም የታለ?»

ምላደን ዞርኒጻን አየት አደረጋት። «የለም ጋሼ።»

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ምላደን፣ ፊቱ ሳይለወጥ።

ዞርኒጻ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የሥራ ልምምድ ወረቀቱ እስኪፈረምለት ድረስ ምላደን በየቀኑ ቀን ይቆጥር እንደነበር ታውቃለች። ያለሱ ዘንድሮ ክፍል አያልፍም።

«በል ቁልፉን አስቀምጥና ውጣ! ወረቀትህን ሌላ ሞኝ ይፈርምልህ!»

ምላደን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጃኬቱን አነሳ። እሷ ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ብትናገር ደግሞ ጋሼ ጌንቾ ከቀብሩ ወዲህ እንደለመዱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ቤት ሄደሽ እረፊ» ይሏታል። ከዚያ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ማን ያስቀምጣታል? በኪቦርዱ ቁልፎች ሥር ያቮር የበላው የሱፍ ፍሬ ቅርፊት አሁንም አለ፤ ማንም እንዳያጸዳው ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ምላደን በሩን ከፈተ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «እሱ አልነካውም። ጥያቄውን ላለማየት ብዬ ስክሪፕት ጻፍኩና ሌላ ስም ሳልመዘግብ ለቀቅኩት።»

ጋሼ ጌንቾ አፋቸውን ከፈቱ። ዞርኒጻ «የኔ ልጅ» እስኪሏት ጠበቀች።

«አንቺ ደንቆሮ!» ብለው ጮኹ። «አንቺ የበሬ ራስ! ሳታዪ? ሰባት ማሽን ላይ ሳታዪ ትለቂያለሽ? ያቮር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጆሮሽን ይዞ ከዚህ እስከ ወደቡ ይጎትትሽ ነበር!»

ዞርኒጻ ደንግጣ አየቻቸው። ከቀብሩ ወዲህ አንድም ሰው ተቆጥቷት አያውቅም፤ የሒሳብ አስተማሪዋ እንኳን ባዶ ወረቀት ስትመልስ ትከሻዋን ነው የዳበሷት። ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ ወጣት።

ጋሼ ጌንቾም በራሳቸው ደንግጠው ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። «ሴቭ አድርገሽዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ለውጡን! ሴቭ አድርገሻል ወይ?»

አሰበች። ያቮር ሳትሞክሪው አታስቀምጪ ይላት ስለነበር የማስቀመጫውን መስመር ስክሪፕቷ ውስጥ አስገብታ አታውቅም።

«አላደረግኩም።»

ምላደን ከበሩ ላይ ዘሎ ተመለሰ። «ሴቭ ካልተደረገ እኮ፣ ጠፍቶ ሲነሳ የሚያስታውሰው አሮጌውን ነው! በየምድር ቤቱ ዞረን ነቅለን መሰካት ብቻ!»

«ይመለሳል ማለት ነው?» አለች ዞርኒጻ። «ስሙ?»

ጋሼ ጌንቾ ቁልፉን ለምላደን ወረወሩለት። ላፕቶፑን ግን ለእሷ ነው የሰጡት።

በመጀመሪያው ብሎክ በር ላይ፣ በከተማው ልማድ መሠረት፣ የያቮር የአርባ ቀን መታሰቢያ የሐዘን ወረቀት ከነፎቶው ተለጥፏል። ያቮር በፎቶው ላይ፣ ፀሐይ እንደወጋችው ሰው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጓል። ዞርኒጻ ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ መሬት መሬት እያየች ነው የምታልፈው። ዛሬም እንደዚያው አለፈች።

ምድር ቤቱ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይሸታል። ምላደን በበርሜሎቹ መካከል ሾልኮ የራውተሩን ገመድ ነቀለ። ወዲያው ከላይ በደረጃው ክፍተት የእማማ ጼጽካ ድምፅ አስተጋባ፦

«ማነው እሱ? ቀድሞ ሲጎተት ነበር፣ አሁን ጭራሽ ገደላችሁት! ልጅቷ ለእናትየው ልትናዘዝላት አፏን ስትከፍት!»

«ትናዘዛለች እማማ፣ የቱርክ ድራማ ቸኩሎ አያውቅም!»

«አንተ የማን ባለጌ ነህ? እወርድልሃለሁ!»

«ጉልበትዎ ካስቻለዎት ይውረዱ፣ ጎመንዎን እየቀመስኩ እጠብቃለሁ!»

ዞርኒጻ ሳታስበው ሳቀች። ምላደን መልሶ ሰካው። ቀዩ መብራት ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። የያቮርን ስምና የይለፍ ቃል አስገባች፤ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አስገባት። ዝርዝሩን ጠየቀች።

yavor

እንደሚመለስ ታውቅ ነበር። ግን የጎመን በርሜል ተደግፋ ቁጭ አለች። ምላደን ባትሪውን አበራላት።

ቆይታ አዲስ ስም መዘገበች። በሌላ መስኮት ሞከረችው፤ ይገባል። አሁን ሁለቱ ስሞች ከላይና ከታች ሆኑ፣ የወንድሟና የእሷ። ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ የላይኛው እንዲሰረዝ ጻፈች። ማሽኑ ልቀጥል ወይ አላት። በቀስታ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ተጫነችው፤ ሴቭ አደረገችው።

ምላደን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ስሚ፣ የቀሩትን አብረን ነቅለን እንሰካቸው። ከዚያ ሱቅ ገብተን በትክክል ስክሪፕት እንጽፍላቸዋለን። እኔ እጽፈዋለሁ፤ አንቺ ማየትም የለብሽም።»

«ጻፈው» አለች ኬብሉን እየጠቀለለች፣ «ትማርበታለህ። ለሚቀጥለው ሥራ ይሆናል።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህን በእጄ ነው።»

ላፕቶፑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ደረጃውን ቀድማው ወጣች።