የዘገየው ክንድ

ኢንስፔክተር ትብለጽ ስትቆጣ ቦሌ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ሳይቀር በአየር ላይ ይዞራል ይባላል። የሚያወሩት ሰዎች ሁለት አውሮፕላን ቆጥረዋል፤ ሦስተኛው በደመና ምክንያት ነው የሚሉም አሉ። ያን ዕለት ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ወዳለው የብረት ሥራ ሼድ ስትገባ ግን ገና አልተቆጣችም ነበር። የተቆጣችው ሬሳውን ስታይ ነው።

የማሽኑ ቴክኒሻን ሃይለኣብ መቁረጫው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። የማሽኑ ክንድ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ በጥሶት፣ ደሙ በሲሚንቶው ላይ እስከ በሩ ወርዷል። ግድግዳው ላይ ያለው ግዙፍ ቲቪ ጨልሟል። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ያጓራል።

ባለቤቱ ዘርአጽዮን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወደ እሷ ተጣደፈ።

«ኢንስፔክተር፣ ልጄ ማለት ነበር! ደሙን በሁለት እጄ ይዤው ነው ነፍሱ የወጣችው። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ማሽኑን ፈትሻ ደህና ነው ያለችው እሷ ናት!»

የጠቆመው ፕሮግራመሯን ረሆቦትን ነው። አንድ ፖሊስ ቀድሞ ክንዷን ይዟታል፤ ካቴናውም ተዘጋጅቷል።

«ምኑን ነው የፈተሽሽው?» አለቻት ትብለጽ።

«ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሥራ የሚያከፋፍል አለቃ አለ፤ ከርነል እንለዋለን። እጅ ወደ መቁረጫው ሲገባ ሴንሰሩ ያያል፣ ከርነሉ ደግሞ ያንኑ ቅጽበት ክንዱን ማስቆም አለበት። እኔ ኮምፒውተሩን በሥራ አጨናንቄው ስንት እንደሚዘገይ እለካለሁ።»

«በአማካይ?»

«አማካይ ማንን አዳነ? እጅ የሚቆርጠው የከፋው አንዱ መዘግየት ነው።»

«ሁሌ ይዞ አንዴ የሚከዳ የሚኒባስ ፍሬን በይኛ!»

«እሱን ነው። ለዚህ ነው በሰዓቱ የሚመልስ ከርነል የጫንነው። ሳምንት ሙሉ አሰቃየሁት፣ አልዘገየም። ተራው ከርነልም ለመጠባበቂያ እዚያው አለ፤ እሱ ግን ፈተናውን ወድቋል። ማሽኑን በሱ እንዳታስነሱ ብዬ ስንቴ ለምኛለሁ!»

ብረት የሚጭነው ሃይደር ጥግ ላይ ቆሞ እጁን ያፍተለትላል።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ እትዬ።»

«እትዬህ ቤትህ ናት፤ እኔ ኢንስፔክተር ነኝ። ቀጥል።»

«ነገ ገዢዎች ይመጣሉ ተብሎ ልምምድ ላይ ነበርን። ወላሂ ዓይኔ ቲቪው ላይ ነበር፤ የድርጅቱ ማስታወቂያ እንዴት ያምራል መሰለዎት! ሲጮህ ዞር ብል ወድቋል። ጋሽ ዘርአጽዮን ‹አንተ መኪና ፈልግ፣ ደሙን እኔ እይዛለሁ› አሉኝ። ሮጬ ሚኒባስ ለምኜ ስመለስ አልቋል።»

«እኔ ፎቅ ቢሮ ነበርኩ፣ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አድርጌ» አለች ረሆቦት። «ጋሽ ዘርአጽዮን ‹ፋሻ አምጪ!› ብለው ጮኹብኝ። ሄድፎኑን አውልቄ ፋሻውን ስፈልግ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ጢጥታ ተሰማኝ።»

«መብራት ሄዶ መጣ!» አለ ዘርአጽዮን ፈጥኖ። «ቡልቡላ ነው እኮ፣ ምን ይገርማል?»

ትብለጽ ማሽኑን ዞረችው፤ ቲቪውን አየች፤ ሬሳውን ያየውን ሐኪም ጥግ ወስዳ ጥቂት አናገረችው። ስትመለስ ፊቷ እንደ ጋለ ብረት ነበር። ሁሉንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ረሆቦት፣ ኮምፒውተሩ አሁን በየትኛው ከርነል ነው?»

ረሆቦት ኪቦርዱን ነካካች። «በትክክለኛው።»

«ቲቪውን አብሪልኝ።»

«አይበራም። ከዚሁ ኮምፒውተር ቲቪው ላይ ምስል የሚያወጣው ካርድ ከዚህ ከርነል ጋር አይሠራም። ለማስታወቂያው ሌላ ኮምፒውተር ይምጣ ያልኩት ለዚህ…» አፏን ያዘች። ገባት።

«ስሙኝ» አለች ትብለጽ። «ሃይለኣብ ሲቆረጥ ቲቪው ይሠራ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ያኔ የሚሄደው ፈተናውን በወደቀው ከርነል ነበር፤ ምስል ሲያሳምር የሰው እጅ ረሳ። እኔ ስመጣ ቲቪው ጨልሟል፣ ትክክለኛው ከርነል ተመልሷል። በመሃል አንድ ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው።»

«መብራት ነው አልኩ እኮ!»

«ሃይደር፣ ወፍጮ ቤቱ በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በመብራት ነዋ።»

«መኪና ስትፈልግ ቆሞ ነበር?»

«ኧረ አንዴም! እንዳጓራ ነው።»

«መብራቱ አልሄደም። እሷ ፎቅ፣ እሱ አስፋልት። እዚህ የቀረው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ዘርአጽዮን ዞረ።

«ጋሽ ዘርአጽዮን ይህን ሸሚዝ የለበሱት መቼ ነው?»

«ጠዋት» አለ ሃይደር። «አልቀየሩም።»

ትብለጽ ቀረብ ብላ የዘርአጽዮንን እጅጌ ያዘች። አንድ ነጠብጣብ የለበትም።

«በሁለት እጄ ይዤው አልክ። ወለሉን የሞላው ደም አንተን ዘሎ ሄደ?»

«ደንግጬ ነው… ድርጅቴ…»

«የደነገጠ ሰው ሸሚዙን ቀዶ ያስራል!» ሼዱ ተርገፈገፈ፤ ወፍጮው ራሱ ጸጥ ያለ መሰለ። «ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ? ጠበቅ አድርጎ የያዘው ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር። አንተ ግን እሱ ዓይን ዓይንህን እያየህ፣ ኪቦርድ ላይ አጎንብሰህ ለማስታወቂያው ስትል የሠራኸውን ጥፋት ለዚች ልጅ ታሸክም ነበር። ማሽኑ ዘገየ፤ እሱ ብረት ነው። አንተስ?»

ዘርአጽዮን የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ሊፈታ አንገትጌውን ጎተተ።

ትብለጽ ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ልጅቷን ልቀቅ። ካቴናው ለሱ ነው።» ከዚያ የዘርአጽዮንን እጅ ከአንገቱ ላይ አወረደች።

«ሸሚዝህን እንዳትነካ። ዳኛው እንደዚሁ ነጭ ሆኖ እንዲያየው እፈልጋለሁ።»