ስልሳ እስኪቆጠር

«አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት...»

ልጅቱ በታክሲው የኋላ በር ደፍ ላይ ተንበርክካ ትቆጥራለች። ከመጨረሻው ወንበር ሥር የተገጠሙት ሁለት ትልልቅ እስፒከሮች የሚያወጡት ጉምጉምታ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጠቅጠዋል። አባቷ በደረቱ ወንበሩን ተደግፎ፣ ቀኝ መዳፉን በአምፕሊፋየሩ የብረት ክንፎች ላይ ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኗል።

ይህ የአባቷ የቆየ የአሠራር ልማድ ነው። አምፕሊፋየር ከዐቅሙ በላይ የሆነ ጭነት ሲገናኝበት ይግላል፤ ከጋለም ወይ ራሱን ያቃጥላል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን። ስለዚህ አባቷ ማንኛውንም መኪና ከማስረከቡ በፊት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መዳፉን ያሳርፋል፤ እሷም ከትምህርት ቤት መልስ ከሆነች እስከ ስልሳ ትቆጥርለታለች። እጁ ከቻለው መኪናው ይሄዳል፤ ካልቻለው ሽቦው ይፈታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ የእስፒከር መግጠሚያ ቤት ወጥቶ የተቃጠለ መኪና የለም። የታክሲ ሾፌሮች «ጋሽ ቴርሞሜትር» ብለው ስም ያወጡለትም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ቆጣሪዋ፣ ትንሽ ፈጠን በይ እንጂ» አለ የታክሲው ሾፌር ከውጭ ሆኖ፣ ትከሻውን በሙዚቃው እየነቀነቀ። «የሒሳብ ፈተና ላይም እንዲህ ነው የምትንቀረፈፊው?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አርባ አምስት» አለች። የተንጠለጠለች ሽቦ ወደ ውስጥ ለመመለስ እጇን ስትሰድ የጣቷ ጫፍ የአምፕሊፋየሩን ጠርዝ ነካ፤ እሳት እንደ ነካው ሰው እጇን ሰበሰበች። አባቷን አየችው። ዐይኑ እንደ ተጨፈነ ነው፤ በፊቱ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እሷ ደንግጣለች፤ ምላሷ ግን ከልማድ የተነሣ መቁጠሩን ቀጠለ። ስልሳ እስኪሞላ ድረስም አላቆመም።

«ለብ ከማለት አላለፈም» አለ አባቷ፣ የሙዚቃውን ድምፅ እየቀነሰ።

መዳፉን ሲያነሣ አየችው። የብረቱ ክንፎች ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆነው ታትመውበታል፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ መካከሉ ነጥቷል። እሱ በዚያው እጁ የግንባሩን ላብ ጠረገ።

ከአምስት ወር በፊት የጤና ጣቢያው ሐኪም የተናገረውን አብራው ስለ ነበረች ሰምታለች። የስኳር በሽታው የእግሩን ጣቶች ስሜት እንደ ወሰደ፣ ወደ እጁም ሊመጣ እንደሚችል፣ የሄደው ስሜት ተመልሶ እንደማይመጣ፣ ማድረግ የሚቻለውም የቀረውን መጠበቅ ብቻ እንደ ሆነ ነግሯቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ በጠየቀችው ቁጥር «እጄ ደኅና ነው፤ ይኸው ስሠራ ታዪኝ የለም?» ይላታል። ልጅቱም አምናው ነበር፤ ከመጠራጠር ማመኑ ይቀላልና።

የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ለመነጋገር ወደ መንገዱ ዳር ራቅ ሲል ልጅቱ ወደ አባቷ ተጠጋች።

«አባዬ፣ እስፒከሮቹን በተከታታይ እናገናኛቸው።»

«ለምን?»

«እያንዳንዱ አራት ኦም ነው። ጎን ለጎን ስላገናኘናቸው ለአምፕሊፋየሩ ሁለት ኦም ብቻ ሆነውበታል፤ ኦሙ ሲያንስ ጭነቱ ይከብዳል። በተከታታይ ቢሆኑ ስምንት ይሆናሉ፤ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይግልም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«ሁለትን የሚችል አምፕሊፋየር አለ፣ የማይችልም አለ። የዚህኛው ጽሑፍ ተፍቋል። የቱ እንደ ሆነ የሚነግረን እጅ ነው፤ እጄ ደግሞ ቻለው። ስልሳ ቆጥረሽ የለም?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ?»

«እጅህን እየው።»

አባቷ መዳፉን ገልብጦ ተመለከተ። የሌላ ሰው እጅ በስሕተት የተሰጠው ይመስል ለረጅም ጊዜ አየው። በግራ እጁ ጣት መስመሮቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው፤ ሲጫናቸውም ፊቱን ከልጁ አዞረ። ከዚያ መዳፉን ጨበጠ።

«ማን አየ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ማንም አላየም።»

«አባዬ...»

«ስሚኝ ልጄ። ይህ ሰው ተራ አስከባሪውን፣ ረዳቱን፣ ሾፌሩን ሁሉ የሚያውቅ ወሬኛ ነው። ዛሬ ከሰማ ነገ እዚህ በር ላይ የሚቆም መኪና የለም። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚያስተምረኝም የለም። ከፍ አድርገህ አትክፈተው እለዋለሁ፤ ይበቃል።»

ልጅቱ ወደ ታክሲው ውስጥ ተመለከተች። አምፕሊፋየሩ የተገጠመው ከኋላው ወንበር ሥር፣ ከስፖንጁ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ነው። በዚያ ወንበር ላይ አራት ሰው ይቀመጣል፤ ሲጨናነቅ አምስት።

ሾፌሩ ስልኩን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ተመለሰ። «ጋሽ ቴርሞሜትር፣ አለቀልህ?»

«አልቋል» አለ አባቷ። የተጨበጠ እጁን ከወገቡ ጀርባ አድርጓል። «ከልክ በላይ እንዳትከፍተው ብቻ።»

«አቦ እንዲህማ አትበለኝ። ላልከፍተው ነው እንዴ ያስገጠምኩት? ጎማው እስኪጨፍር ነው የምለቀው» ብሎ ሾፌሩ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

አንድ የመዋሻ መንገድ እንዳለ ልጅቱ ታውቃለች። «አንዲት ብሎን ቀርታለች» ብላ ሾፌሩን ሻይ እንዲጠጣ መላክ፣ ሽቦውን በፍጥነት መቀየር፣ ድምፁ ለምን እንደ ቀነሰ ሲጠይቅም ሌላ ምክንያት መፍጠር ትችላለች። ለዛሬ ይሆናል። ነገ ግን ሌላ መኪና ይመጣል፤ እሷ ክፍል ውስጥ ሆና የሌላ ሰው መኪና ላይ ያ እጅ ያርፋል። ምንም ሳይሰማውም ስልሳ ይሞላል።

ሾፌሩ ቁልፉን ሊያዞር ሲል መስኮቱን ያዘች።

«አያስነሡት። አምፕሊፋየሩ ግሏል።»

«አባትሽ አሁን በእጁ ነካው እኮ።»

«የአባቴ እጅ አይሰማውም» አለች። አባቷን አላየችም። «በሽታ ነው። ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም።»

ሾፌሩ ሳቁን አቆመ። ወርዶ ወደ ኋላ ዞረና የእጁን ጀርባ ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠጋ፤ ገና ከመንካቱ መለሰው። ይጮኻል፣ ይሳደባል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን በበሩ ዳር የነበረውን የእንጨት በርጩማ በእግሩ ወደ አባቷ ገፋ አደረገለት።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለው። «ትንሽ ዐረፍ ይበሉ።»

ዓመታት ሙሉ «አንተ» እያለ ሲቀልድበት የኖረው ሰው «አንቱ» ሲለው አባቷ እንደ ተሰደበ ሰው አንገቱን ደፋ። ተቀመጠም።

ልጅቱ ካቻቢቴውን አንሥታ ወደ ታክሲው ገባች። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቃ ሽቦዎቹን ፈታች፤ የአንደኛውን እስፒከር መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር አገናኘች። አባቷ ከበርጩማው ላይ ሆኖ ያያታል። ሙዚቃው ሲከፈት መስተዋቱ አልተንቀጠቀጠም። ሾፌሩ ድምፁ እንዳነሰበት ከፊቱ ቢታወቅም «ይሁን» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ተነሥ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድና እጅህን ያሽጉልህ» አለችው።

አባቷ ተጠቅልሎ ያለቀ የሽቦ ጥቅል ፈትቶ በግራ እጁ መልሶ ይጠቀልል ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ነጭ መኪና ከበሩ ፊት ቆመና ጥሩምባ ነፋ። አባቷ ከልማዱ የተነሣ ብድግ አለ፤ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ወደ ልጁ ተመለከተ። ልጅቱ እጇን በጨርቅ ጠርጋ እሷ ወጣች።

«ጋሽ ቴርሞሜትር የለም?» አለ ባለመኪናው አንገቱን አውጥቶ። «ለእስፒከር ነበር።»

«አለ፤ ግን ዛሬ አይሠራም።»

«ነገስ?»

«ነገ ይምጡ» ልትል ከንፈሯ ተላቆ ነበር። የሽቦው ጥቅል ከበስተኋላዋ መሽከርከሩን እንዳቆመ ሰማች፤ አባቷም መልሷን እየጠበቀ ነው።

«አላውቅም» አለች።